ለዓሣ የተፈቀደው እረፍት ለምራቴ ስለ መከልከሉ

ለክቡር ሴኞር ሲፕሪያኖ ቪየጋስ፤
የፋቱላኮ መንደር ሹም፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣ የወንዙና የኮኮናቱ ጠባቂ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የሴቶቻችን ማኅፀን አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞላ ምግብ ፍላጎትና በማያነክስ ጉልበት ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ጉልበትዎ እንኳ ብዙ አልሰጋም፤ ከዳገቱ ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ፊትዎን ያስጨፈግግዎት የነበረው ሪህ ጤና ጣቢያችን ሄደው መርፌ ከተወጉለት ወዲህ ተሽሎዎት፣ ባለፈው እሑድ እንደ ጎረምሳ ሲራመዱ አይቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። መርፌውን በተወጉበት ሰዓት ባለቤትዎ ዶና ፌሊዝሚና በአካል ቀርበው «ይወጋልኝ» ብለው እንደ ፈቀዱ እርግጠኛ ነበርኩ። ብጠይቃቸው ግን የዚያን ዕለት በቆሎ ሲፈለፍሉ እንደ ዋሉ፣ ነገሩንም ያወቁት ባላቸው አንክሰው ሄደው ሳያነክሱ ሲመለሱ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ለካ ያለ ፈቃጅ የሚወጋ መርፌም አለ! እንኳን ተሻለዎት።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ ኦላንዲና ማርሳል ነኝ። አዎን፣ እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ። እስከ ዓምና ድረስ ወረቀት ባየሁ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የምጫን ሴት ነበርኩ፤ ዛሬ አውራ ጣቴ ጡረታ ወጥቷል። በመምህር አብራኦ የማታ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ መሆኔን ምስክር ወረቀቱን የሰጡኝ እርስዎ ስለ ሆኑ ያውቁታል። ሁለተኛ የወጣው ወንድምዎ መሆኑን ማንሳት አያስፈልግም ነበር፤ ግን አነሣሁት። መምህር አብራኦ ራሱ «ቲያ፣ አክስቴ፣ እንደ አንቺ ያለች ተማሪ ገጥማኝ አታውቅም» ብሎኛል፤ ይህን ሲል ራሱን እየነቀነቀ ስለ ነበር ሙገሳ አድርጌ ወስጄዋለሁ።

በዚያ የምረቃ ቀን ክቡርነትዎ ከወንበር ተነሥተው፣ «እናንተ እናቶች፣ ከእንግዲህ ማዕድ ቤት ተቀምጦ ማጉረምረም ቀረ፤ ችግራችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» ብለው ሲናገሩ ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ቃልዎን አክብሬ ይኸው አቀረብኩ። በመንደሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የለጠፍኩትም ላሳጣዎ ብዬ ሳይሆን፣ በበሩ ሥር ባስገባው ፍየልዎ ይበላብኛል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ምራቴ ጁቪታ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋ። ይኸው ነው። እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር፤ ነገር ግን መጻፍ ከተማርኩ ገና ዓመቴ ስለ ሆነ ብዕሩን በቀላሉ አልለቅም። ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥርም ተምሬያለሁ።

አንደኛ፤ ጁቪታ የልጄ የዜፌሪኖ ሚስት ናት። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ሁለት ልጅ ወልዳለች። ሁለተኛውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመን ወደ ከተማው ሆስፒታል ስናወርዳት፣ ክቡርነትዎ ደጃፍዎ ላይ ቆመው «አይዟችሁ» ብለውናል፤ ከዚያች ቃል በቀር የሰጡን ነገር ስላልነበረ በደንብ አስታውሳታለሁ። እሷን የጠቀለልንበትን ታይስ፣ እናቴ በእጇ የሸመነችልኝን ኩታ፣ ከዚያ በኋላ ላጥበው ሞክሬ ደሙ አልለቅ ስላለኝ ከሙዙ ሥር ቀበርኩት። የሆስፒታሉ አዋላጅ ስታሰናብተን ወደ ጎን ወስዳኝ፣ «ቲያ፣ ይህች ልጅ ቶሎ ካረገዘች በሚቀጥለው እዚህ አታደርሷትም። ጥቂት ዓመት ትረፍ» አለችኝ።

እንግዲህ ዜፌሪኖ ያን ጊዜ ባሕር ማዶ አውስትራሊያ ብርቱካን ለቀማ ላይ ስለ ነበረ፣ እሱ ከመመለሱ በፊት ብለን እኔና ጁቪታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርስ ሜሪታ መጀመሪያ ጁቪታን አየቻት፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጣሪያውን ታይ ጀመር።

«ቲያ፣ ባሏ የታለ?»

«ባሕር ማዶ ነዋ።»

«እንግዲያው ሲመጣ ይዛችሁት ኑ። ሹሙ አዘዋል፤ ላገባች ሴት ባሏ በአካል ቀርቦ ካልፈቀደ መከላከያ አይሰጥም።»

«ልጄ፣ ባሏ እስካልመጣ ድረስማ መርፌው ለምኗ ነው? እኛ እኮ የምንፈራው መምጣቱን ነው!»

ሜሪታ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። ጁቪታ አልሳቀችም። ክቡር ሆይ፣ እኛ ያልተማርን በነበርንበት ዘመን ጎርፍ ሳይመጣ እንከትር ነበር፤ እርስዎ ግን ጎርፉ ራሱ በአካል ቀርቦ ክተሩ ሳይለን እንዳንከትር አስተማሩን። እንዲህ ያለውን ጥበብ በማታ ትምህርት አላገኘሁትም፤ ምናልባት በቀን ይሰጥ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ አካሉ ሩቅ ቢሆን ድምፁ ቅርብ ነው ብዬ ለዜፌሪኖ ስልክ ደወልኩለትና ድምፁን ከፍ አድርጌ በጽሕፈት ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሰምተውታል። «ክቡር ሹም፣ እኔ ባሏ ነኝ፤ ትወጋ ብያለሁ። ለሙታን ቀን የምመጣው በአባቴ መቃብር ላይ ሻማ ላበራ ነው፤ ሁለተኛ መቃብር እንድታዘጋጁልኝ አልፈልግም» አለዎት። ክቡርነትዎ ግን ስልኩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንሥተው መልሰው ሰጡኝና፣ «ማና ኦላንዲና፣ እህቴ፣ ድምፅ አካል የለውም» አሉ። እውነት ነው፤ ድምፅ አካል የለውም። ይሁን እንጂ ያ ባሕር ማዶ ያለው ልጅዎ ከላይኛው መንደር ልጅ ያጨ ጊዜ፣ «እሺ፣ አገባታለሁ» ያለው በስልክ ነበር፤ ያን ዕለት ድምፁ አካል ብቻ ሳይሆን ጎሽም፣ አሳማም፣ ሁለት ቀን የዘለቀ ጭፈራም ነበረው። እንግዲህ ሴት ለማግባት ድምፅ ሲበቃ፣ ያገቧትን ለማሳረፍ ሥጋና አጥንት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሕጉን ስላብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ባል በሌለበት የባል ቤት ሽማግሌዎች ይነጋገሩበት ብለው የሽምግልናውን ምንጣፍ አስዘረጉ። በፋቱላኮ ምንጣፍ የተዘረጋው ለመሬት ድንበር፣ ለተሰረቀ ጎሽ፣ ደም ለተቃቡ ወንድማማቾች ነው፤ ለአንዲት ሴት ክንድ ሲዘረጋ የመጀመሪያው ነውና በምራቴ ክንድ ታሪክ ስለ ሠሩ እንኮራለን። አንዴ ምንጣፍ ከተዘረጋ ደግሞ ነገሩ አልቆ እስኪጠቀለል ድረስ ሌላ ማንም ሰው ጉዳዩን እንደማይነካው እርስዎም እኔም እናውቃለን። በላዩ ለተቀመጡትም የምታበስለው ጉዳዩ ያለባት ቤት ናት። ማለትም እኔ።

በመጀመሪያው ጉባኤ የሁለቱ ቤት የዘር ሐረግ ከተራራው አለት ውስጥ ከወጣው አባት ጀምሮ ተቆጠረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና የአያቴ አያት አልተወለዱም ነበር። መርፌዋ ያልተፈለሰፈችበት ዘመን ስለ ነበረ ስለ እሷ ለመነጋገር አልተቻለም።

በሁለተኛው ጉባኤ የጎሽ ነገር ተነሣ። የሟቹ ባሌ ወንድም ባዚሊዮ የሚያኝከውን ቅጠል ቀይ ምራቅ ጢቅ አድርጎ፣ «ለዚህች ልጅ ወላጆች በጥሎሽ የነዳነው ጎሽ ቀንዱ ክንድ ሙሉ ነበር። ያን ሁሉ የነዳነው ለሁለት ልጅ ነው እንዴ?» አለ።

እኔ ከማዕድ ቤት ሆኜ፣ «ባዚሊዮ! ጎሾቹን ያረባሁት እኔ፣ ከረግረግ ያወጣኋቸው እኔ፣ አንተ የነዳኸው አፍህን ብቻ! ያረባሁት እኔ በቃኝ ካልኩ አንተን ምን አንገበገበህ?» አልኩት።

ክቡርነትዎም፣ «ማና ኦላንዲና፣ ከማዕድ ቤት ሆኖ ምንጣፍ ላይ አይነገርም» ብለው ገሠጹኝ።

«እንግዲያው ከማዕድ ቤት የወጣም ምንጣፍ ላይ አይበላ!» አልኩ። ሥጋው ግን መጣልዎ፤ እኔ በሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝ።

በሦስተኛው ጉባኤ ለምሳ የታረደው አሳማ መንጋጋ ለሚስት ሰጪው ወገን ይገባል፣ የለም ለሚስት ተቀባዩ ነው በሚል ሽማግሌዎቹ ተጣሉ። ነገሩ ስላልተቋጨ ጉባኤው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ምንጣፉ እንደ ተዘረጋ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምራቴ ሕይወት የተንጠለጠለው በአሳማ መንጋጋ ላይ ነው። አሳማው የእኔ ነበር።

አራተኛ፤ በሦስቱም ጉባኤ ጁቪታን አንድም ሰው አንድም ነገር አልጠየቃትም። ይህን ቅሬታ ያሳጠርኩት የሚጨመርበት ስላጣሁ ነው።

አምስተኛ፤ ዜፌሪኖ ለሙታን ቀን መጣ። የአባቱን መቃብር ጠረገ፣ አበባ በተነ፣ ሻማ አበራ፤ በማግስቱ ሚስቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ወረደ። እኔም ተከተልኩ፤ እንዲህ ያለ ድል አያመልጠኝም ብዬ።

«ይኸው መጣሁ» አላት ለሜሪታ እጁን ዘርግቶ። «ንኪኝ፤ አካል ነኝ።»

«ማውን ዜፌ፣ ወንድሜ፣ አካልህንስ አየሁት» አለች ምስኪን። «አሁን ግን ጉዳዩ ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉ ሳይጠቀለል ብወጋት ሹሙ ከመንደሩ ያባርሩኛል።»

ባል ሲጠፋ ባል፤ ባል ሲገኝ ምንጣፍ። ክቡር ሆይ፣ ሁለት በር ያለው ቤት ሠርተው ሁለቱንም በሮች ከውጭ መቆለፍዎን ሳይ ያለ አንዳች ግንበኛ ርዳታ መሥራትዎ ገርሞኛል።

ቤት ስንገባ ጁቪታ ሕፃኑን ልታጠባ ተቀመጠችና፣ «እማ፣» አለችኝ፣ «እኔ ልጅ ጠልቼ አይደለም። ነገ ሦስተኛም አራተኛም እወልድ ይሆናል። ግን እነዚህ ሁለቱ መልኬን እስኪያውቁት ድረስ ልኑር።»

እዚህ ላይ ቀልድ ላስገባ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

በማግስቱ ልብስ ላጥብ ወንዝ ስወርድ ያን እንጨት አየሁት። ዓምና ክቡርነትዎ ከአባቶች ቃል ጠባቂያችን ከአረጋዊው አቮ ኮስሜ ጋር ሆነው ያቆሙትን፣ የተቋጠረ የዘንባባ ቅጠል የተሰቀለበትን፣ ባንዱ የምንለውን የክልከላ እንጨት። በዚያ ቀን ያደረጉትን ንግግር ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ የማስታወስ ችሎታዬ ፊደል ከመቁጠሬም በፊት ስመ ጥር ነበር። «ይህች ዓሣ አንዱን ወልዳ ሳታገግም ሌላውን ብትወልድ፣ እኛም ፋታ ሳንሰጥ ብናጠምዳት ታልቃለች። ስለዚህ ሁለት ዓመት ትረፍ። ባንዱ ተሰቅሏል፤ የጣሰ ሰው አሳማ ይከፍላል። አንዴ የተሰቀለ ባንዱ ደግሞ የተሰቀለበት ነገር ሳይፈጸም አይወርድም፤ ያለፉት አባቶች ያዩታል» አሉ። አጨበጨብን። የዓሣዋ ባል በአካል ይቅረብ ያለ አልነበረም። ለዓሣዋ ስንት ጎሽ ተነዳ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ምንጣፍ አልተዘረጋም፣ መንጋጋ አልተካፈለም። ልብሴን እዚያው ድንጋይ ላይ ትቼ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ዓሣ ሆኖ መፈጠር ምን ያህል መታደል እንደ ሆነ ሳሰላስል።

ከዚያ አንድ የዘንባባ ዝንጣፊ ቆርጬ ወደ ቤት ወጣሁና፣ ያን ቋጠሮ ቋጥሬ በልጄ መኝታ በር ላይ ሰቀልኩት።

«እማ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ ዜፌሪኖ።

«ባንዱ ነው።»

«በእኔ በር ላይ?»

«ራስህን እንደ ዓሣ አጥማጅ ቁጠረው። ወንዙ ተዘግቷል።»

ልጄ ጁቪታን አየት አደረጋት፤ እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። እሱም ሳቀና መኝታውን ተሸክሞ ከአውራ ዶሮዎቹ አጠገብ አነጠፈ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጓደኞቹ ግን አልማሩትም። «ዜፌ፣ ዛሬ ስንት እንቁላል ጣልክ?» «ተዉት፣ ገና ታቅፎ ነው!» እያሉ መንደሩን ሁሉ አሳቁበት። እሱም «ሳቁ፣ ሳቁ፤ የዘንባባ ቅጠል የሚያልቅ መስሏችሁ!» አላቸው።

የልጄ ቃል ትንቢት ሆነ። ገበያ ላይ የተቀመጥኩበትን ወጣት ሚስቶች ከበቡት። ስማቸውን አልጽፍም። አንዷ ከታቀፈችው ሕፃን ጋር ሌላ በሆዷ ይዛለች፤ አንዷ ከተዳረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ አንዷ ባሏ ቢስማማም አማቷ ስለማይስማሙ ኪኒኗን ደብቃ የምትውጥ ናት፤ የት እንደምትደብቀው አልጽፍም፤ እርስዎም ማንበብ ይችላሉና። «ቲያ፣ ቋጠሮው እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔም አስተማርኳቸው። ተማሪ ሆኜ አንደኛ እንደ ወጣሁ ሁሉ አስተማሪ ሆኜም አላሳፈርኩም፤ አንድም የወደቀ ተማሪ የለኝም።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ባል እንደ ዜፌሪኖ አልሳቀም። አንዱ ቅጠሉን በጥሶ ጣለው። አቮ ኮስሜ ጠርተው አሳማ አስከፈሉት፤ አሳማውን ሴቶች ተሰብስበን በላነው፤ መንጋጋውንም ያለ ምንም ጉባኤ ተካፈልነው። ሌሎቹ ባሎች ግን በማለዳ ተነሥተው ጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ተኮልኩለው፣ «ሹሙ የታሉ? ይህን ምንጣፍ ለምን አይጠቀልሉትም?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የጤና አስተማሪዎች በሥዕልና በድምፅ ማጉያ ስንት ዓመት ለፍተው ያላገኙትን የቤተሰብ ምጣኔ ደጋፊ ቅጠል በአንድ ሳምንት አፈራው። ባዚሊዮ እንኳ ትናንት አጥር ላይ ተደግፎ፣ «እኔ መቼ ጎሽ አልኩ? እንዲያው ለጨዋታ ነው እኮ» ሲለኝ ነበር።

ስድስተኛ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት «ቤት አፍራሽ» ብለውኛል። ቤት ማፍረስ ከባድ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያን ያህል ጉልበት አለኝ ብለው ማሰብዎ አስደስቶኛል። ቀጥለውም፣ «ባንዱ የሚሰቅለው ቃል ጠባቂው እንጂ መበለት አይደለችም! ቅጠሎቹ ሁሉ ይውረዱ!» ብለው አቮ ኮስሜን በክንዳቸው ደግፈው እኔ ቤት ድረስ አመጧቸው። መንደሩ በሙሉ ተከተለ። ከዚያ የሆነውን ያልተገኙ ሰዎች እንዲያነቡት ልጻፈው።

አቮ ኮስሜ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኝ፣ አቮ።»

«ቋጠሮው ልክ ነው።»

«ይፍቱት እንጂ፣ አቮ!» አሉ ክቡርነትዎ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እርስዎ አዞሩ። «ሲፕሪያኖ፣ ወንዝ ዳር ቆመህ ምን አልክ? ‹የተሰቀለበት ነገር ሳይፈጸም አይወርድም› አላልክም? አባቶች ሰምተውሃል። ‹መበለት የሰቀለችውን ሳይጨምር› ስትል አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ደግሞ ከዓይኔ ይሻላል።»

«አቮ፣ ያ ስለ ዓሣ ነው!»

«እረፍት እረፍት ነው። ደግሞስ ልፍታው ብል አሳማውን ማን ይከፍላል? አንተ?»

በዚያው ዕለት ክቡርነትዎ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ ብሎዎት ወደ ዋና ከተማው ወደ ዲሊ ወረዱ። ጉዳዩ ስለ ሴቶች ተሳትፎ የሚመክር ስብሰባ መሆኑን ሰማሁ። በዚህ ረገድ ለሌሎች ሹማምንት የሚያካፍሉት ልምድ እንደማያጡ እተማመናለሁ።

ቅሬታዬ አላለቀም፤ ወረቀቱ ነው ያለቀው። ስለዚህ ወደ ልመናዬ ልግባ።

ሲመለሱ፣ ትዕዛዙን ባስተላለፉበት በዚያው ከፍ ባለ ድምፅ፣ በዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ ትዕዛዙ እንደ ቀረ ይንገሩን። ነርስ ሜሪታ መጥታ ለጠየቀቻት ሴት የጠየቀችውን ትስጥ፤ ባሏን ማማከር የፈለገች ራሷ ታማክረዋለች፤ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ቅጠሉ እስኪሰቀል ድረስ ማለቴ ነው። ምንጣፉ ይጠቀለል። መንጋጋውን ለማን እንደምንሰጥ ግድ የለኝም፤ ከፈለጉ እርስዎ ይውሰዱት።

ይህን ግን ያለ ቀልድ ልበልዎ። ዜፌሪኖ ከገና በኋላ ወደ ለቀማው ይመለሳል፤ እስከዚያ ከዶሮዎቹ ጋር ሊያድር ምሎልኛል። እኔ ግን እናት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። የሚዋደዱ ወጣት ባልና ሚስት በአንድ ግቢ ውስጥ በአንዲት ቅጠል ብቻ እስከ መቼ እንደሚለያዩ አውቃለሁ፤ እኔም ወጣት ነበርኩ፣ ያውም መልከ መልካም። ቅጠል መርፌ አይደለም። ቅጠሉ ያስፈራል፤ ከጤና ጣቢያው ሳጥን ውስጥ ያለው ደግሞ ያድናል። ጁቪታ ዳግመኛ በቃሬዛ ብትወርድ በዚያ ዳገት ላይ ከፊት ሆኖ የሚሸከመው ልጄ ነው፤ ከኋላ የምከተለው እኔ ነኝ፤ ክቡርነትዎም እንደ ልማድዎ ደጃፍዎ ላይ ቆመው «አይዟችሁ» ይሉናል። ያን ቃል ሁለተኛ መስማት አልፈልግም።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉልን፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የዲሊ ሙቀት ለሪህዎ ተስማምቶዎት፣ የስብሰባው ምሳ ጥሞዎት፣ የመመለሻው መንገድ ደልቶዎት በሰላም ለቤትዎ ያብቃዎት።

ትዕዛዝዎን ሳይሆን የትዕዛዝዎን መሻር በታላቅ ትሕትና የምትጠባበቅ፣ በሽማግሌዎች ፊት ከማዕድ ቤት የተናገረች፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ የምታርደው አሳማ የሌላት፣ ከማታው ክፍል አንደኛ፣

ኦላንዲና ማርሳል
(በገዛ እጇ የፈረመች፤ የአውራ ጣት አሻራ የለበትም)

ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፤

ይህን ልለጥፍ ስመጣ በቤትዎ በኩል አለፍኩ። በርዎ ላይ ቅጠል ተሰቅሏል። በእመቤታችን ስም እምላለሁ፣ እኔ አልሰቀልኩትም፤ ቋጠሮውም ከእኔ ቋጠሮ ይጠብቃል። ዶና ፌሊዝሚና በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ያበጥሩ ነበር። «ዶና፣ ሹሙ ከዲሊ ሲመለሱ ስለዚህ ቅጠል ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ደብዳቤዬ ጥግ ላይ ጥቂት ቦታ ተርፎኛል» አልኳቸው። ከሰፌዱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ጻፊለት» አሉኝ፤ «ፈቃድ ከፈለገ በአካል ቀርቦ ይጠይቀኝ።»